ቦይ ውስጥ ያደረ ሰው

«ሳምንቱን ሙሉ ቦይ ውስጥ ነበርን» ይላል መልእክቱ።

ላኪው አብሮ አደጌ ነው፤ አሰላ ተወልዶ፣ አሰላ ሮጦ፣ ፈረንሳይ ሀገር ገብቶ የቀረ። ጮክ ብዬ ሳነበው አጎቴ የቡና ሲኒያቸውን አስቀመጡና «ማን ገፍቶት?» አሉ።

አይፈረድባቸውም። በእኛ ሰፈር ቦይ ማለት ክረምት የጭላሎን ዝናብ ተሸክሞ የሚወርድ፣ በጋ የልጆች ኳስ የሚውጥ፣ ቅዳሜ ሌሊት ደግሞ አረቄ ቤት ያመሸ አባወራ የሚገኝበት ነው። አንድ ሌሊት ቦይ ውስጥ ያደረ ሰው ሽማግሌ ይላክበታል። ሳምንቱን ሙሉ ካደረማ ጠበል ነው መውሰድ።

«ከነሚስቱ ነው ጋሼ» አልኳቸው።

«ጭራሽ!»

ልጁ ማስረጃም ልኮ ነበር፤ የ11 ደቂቃ ቪዲዮ። ለሳምንት ይበቃኛል ብዬ የገዛሁትን የኢንተርኔት ጥቅል አቃጥዬ ከፈትኩት። ጣሪያው ላይ የአበባ ማሰሮ የተደረደረበት ረጅም ጠፍጣፋ ጀልባ ነው። ወዳጄ ባርኔጣ አድርጎ፣ ብርጭቆ ይዞ፣ እግሩን ሰቅሎ ተቀምጧል። ጀልባው በሁለት የድንጋይ ግንብ መሃል ገባ። ከኋላው መዝጊያ ተዘጋ። ውሃው ቀስ እያለ ሞላ። ከፊት መዝጊያ ተከፈተ። ጀልባው ወጣ። አለቀ።

መሃል ላይ ቪዲዮው ቀጥ ብሎ ነበር። ኔትወርኩ ተቋርጦ ይሁን ጀልባው እየሄደ መለየት ስላልቻልኩ ዝም ብዬ ማየቴን ቀጠልኩ። ያቺ ትንሽ ክብ መሽከርከር ስትጀምር ነው የገባኝ፤ ከሁሉም እሷ ትፈጥን ነበር።

አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው ተከታተሉ። ከዚያ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ስንት ገባ?»

አጎቴን ላስተዋውቃችሁ። ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ ናቸው። ሥራው ሄዷል፤ ሰዓቱ ግን አንገታቸው ላይ ቀርቷል፤ ያ ጠቅ ሲያደርጉት የሚነሳ፣ ጠቅ ሲያደርጉት የሚቆመው። በእሱ የማይለኩት ነገር የለም። ቡና ከመቆላት እስከ አቦል፣ የእድር ሰብሳቢ ንግግር፣ የጎረቤት ልጅ ሱቅ ተልካ የምትመለስበት። ይህንን ወዳጄንም በልጅነቱ አሠልጥነውታል፤ በ1500 ሜትር አራተኛ የወጣበትን ቀን እስከ ዛሬ ይቅር አላሉትም። «እዚህ እያለም መጨረሻው ዙር ላይ ይተኛ ነበር» አሉ።

ማታ ልጁ ራሱ ደወለና አስረዳን። የቡርጎኝ ቦይ ይባላል፤ ሁለት ወንዞችን ለማገናኘት ሰው በእጁ የቆፈረው የውሃ መንገድ ነው። 242 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ1775 መቆፈር ተጀምሮ ከዳር እስከ ዳር ክፍት የሆነው በ1832 ነው። አጎቴ በልባቸው ቀንሰው «57 ዓመት! የእኛን መንገድ የሚሠሩት ሰዎች መሆን አለባቸው» አሉ።

ያ ቪዲዮ ላይ ያየነው የግንብ ነገር ደግሞ ጀልባ ኮረብታ የሚወጣበት ደረጃ ነው። ውሃ ዳገት አይወጣማ። ስለዚህ ጀልባውን በሁለት መዝጊያ መሃል ያስገቡትና ከላይ ውሃ ይለቁበታል፤ ውሃው ሲሞላ ጀልባው አብሮ ይነሳል፤ አንድ ደረጃ ወጣ ማለት ነው። ሲወርድ ግልባጩ ይሆናል። እንዲህ ያለ ደረጃ በዚያ ቦይ ላይ 189 አለ። አንዱ 15 ደቂቃ ቢፈጅ፣ ከ47 ሰዓት በላይ ቆሞ ውሃ ሲሞላና ሲጎድል ማየት ነው።

ፍጥነቱን ጠየቅነው። በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር። ሞተሩ አቅቶት እንዳይመስላችሁ፤ ከዚያ በላይ መሄድ ክልክል ነው፤ ማዕበሉ የቦዩን ዳር ይንደዋል። ጀልባው ላይ ብስክሌት ይጫናል። የሰለቸው ተሳፋሪ ይወርድና በዳር ባለው መንገድ ብስክሌቱን ነድቶ ቀጣዩ መንደር ይደርሳል፤ ዳቦ ይገዛል፤ ቡና ይጠጣል፤ ከዚያ ጀልባው እስኪመጣ ይጠብቃል። በግራ በቀኝ የወይን ተክል ነው። ማታ ማታ የወይን ጠጅ ይቀመሳል። ለዚህ ሁሉ የከፈለውን ሲነግረን ወደ ብር አልቀየርኩትም፤ እንቅልፍ ያስፈልገኝ ነበር።

ይህን የሰማሁት አሰላ ቁጭ ብዬ መሆኑን አትርሱብኝ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ደብተሩን በክንዱ አቅፎ ወደ ትምህርት ቤት የሮጠበት፣ ክንዱም ታጥፎ የቀረበት አገር ነው። ወደ ደቡብ ትንሽ ዘለቅ ብትሉ በቆጂ ናት፤ ደራርቱ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ። ኃይሌ በሲድኒ ኦሊምፒክ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነው፤ በእኛ ሰፈር ይቺን 9 መቶኛ ሰከንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በእጁ ያሳያችኋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ጨረሰ። አጎቴ ወረቀት ላይ አሰሉት፤ ያው ማራቶን በዚያ ጀልባ 7 ሰዓት ይፈጃል። ደረጃዎቹን ሳይጨምር።

እኔን ያበሸቀኝ ግን ሌላ ነው። ቀስ ማለት የሚከፈልበት ከሆነ እኛ እስከ ዛሬ ስንት ብር ቀርቶብናል? የሯጭ አገር ሰዎች እንባላለን እንጂ የሮጡት ተቆጥረው የሚያልቁ ናቸው። የቀረነው የምንኖረው በጀልባ ፍጥነት ነው። ፊርማ የሚያስፈልገው ወረቀት ይዞ «ነገ ተመለስ» የተባለ ሰው 189ኙን ደረጃ በሚገባ ያውቃቸዋል። አንዱ መዝጊያ ይከፈትለታል፤ ገባ ሲል ከኋላው ይዘጋል፤ ውሃው እስኪሞላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ወይን የሚያቀምሰው ግን የለም።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለን ያሳደግነው ልጅ ነው እንግዲህ እንቁላሉን ጀልባ ላይ ጭኖ ቪዲዮ የላከልን።

መናኸሪያችንን ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ባለፈው ታኅሣሥ ከአጎቴ ጋር ለሐዘን ወደ በቆጂ እንሄድ ነበር። ረዳቱ «ሞልቷል! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ አስገባን። ያ አንድ ሰው በአጎቴ ሰዓት በ1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ መጣ። እሱም ዘንቢል ይዞ «ገና ናችሁ እንዴ?» አለ። ከዚያ ሾፌሩ የቆምንበትን ሁሉ ሊያካክስ ተነሳ። ጅብ የሚያባርረው ነው የሚመስለው። ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል፤ ሁሉም የፊቱን ወንበር ጨብጦ ዝም ብሏል።

ከሳጉሬ አለፍ እንዳልን ከፊታችን ኮምባይነር ገባ።

በአጨዳ ወራት በአርሲ መንገድ የተጓዘ ያውቀዋል። ኮምባይነር መንገድ ሲገባ መንገዱን ሞልቶ ነው። ጎማው የሰው ቁመት ያክላል። በግራ አይቀደም፣ በቀኝ አይቀደም። ላዩ ላይ ፊቱን በሻሽ የጠቀለለ ረዳት ተቀምጦ ከኋላ የተሰለፈውን መኪና እንደ ንጉሥ ቁልቁል ያየዋል። ሾፌራችን ጥሩንባውን ነፋ፤ ነፋ፤ ሰለቸው። መጨረሻ ላይ ሙዚቃውን ዘጋና በመስኮት ወጥቶ ተሳደበ። ስድቡን ኮምባይነሩ አልሰማውም።

40 ደቂቃ እንደዚያ ሄድን። እንሥራ ጭና የምትሄድ አህያ በጎን አለፈችን፤ አጎቴ ሰዓት ያዙላት።

እንግዲህ ይህን መንገድ በሕይወቴ መቶ ጊዜ ተመላልሼበታለሁ፤ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ጭላሎ በግራ በኩል ጉም ተከናንቦ ተቀምጧል። ስንዴው ግማሹ ታጭዷል፤ ግማሹ ቆሞ ነፋስ ሲመጣ አብሮ ይተኛና አብሮ ይነሳል። ሙዚቃው ሲጠፋ የሰው ድምፅ ተሰማ። ከኋላ ያሉ ሴትዮ ከዘንቢላቸው ጭኮ አውጥተው ቆረሱልን። የአርሲን ጭኮ ለማያውቅ፣ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ተለውሶ የሚሠራ ስንቅ ነው፤ አንድ ጉርሻ ከሳጉሬ እስከ ባሌ ያደርሳል። አንዱ «ይሄ ማሳ የማን ነው?» አለ፤ ሌላው የባለቤቱን የዘር ሐረግ ጀመረ። ስዊድኖች በካዱ ጊዜ ያመጧት ላም የልጅ ልጅ ልጅ አለኝ የሚሉ ሽማግሌም ተገኙ። ካዱ ይላሉ የቀድሞውን የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፤ እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረ ነው። አካባቢው ትራክተርና ኮምባይነር ቶሎ የለመደው ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ ያን ቀን መንገዱን የዘጉብን በከፊል ስዊድኖቹ ናቸው።

ኮምባይነሩ ወደ አንድ ማሳ ሲታጠፍ ሾፌሩ እልል አለ። ሙዚቃው ተመለሰ፤ ወሬው ቆመ፤ ሴትዮዋ ዘንቢላቸውን ዘጉ። በቆጂ ስንደርስ ማንም ማንንም ደህና ዋል አላለም።

ይህንን ለወዳጄ ስነግረው «በቃ እሱ ነው! ከፍዬ የሄድኩት ለእሱ ነው!» አለ። ኮምባይነር ልላክልህ አልኩት።

ባለቤቴ ግን ነገሩን በቁም ነገር ያዘችው። «ፈረንሳይ ድረስ ምን ያስኬዳል? ወይኑ ዝዋይ አለ፤ ውሃው አለ፤ ጀልባው አለ።» እውነቷን ነው። ከአሰላ ጠርዝ ላይ ቆሞ ሰማዩ ንጹህ በሆነ ማለዳ ወደ ምዕራብ ቁልቁል ያየ ሰው ሐይቁ እንደ ቆርቆሮ ሲያብረቀርቅ ያየዋል። ዝዋይ በሉት፣ ደንበል በሉት። ካታር ወንዝ ከእኛ ተራሮች ተነስቶ የሚገባው እዚያ ነው፤ «ሞልቷል አንድ ሰው» ሳይባል ቆላ የሚወርድ ብቸኛ የአርሲ ተጓዥ።

ወይኑም ቢሆን የፈረንሳይ ነው። ካስቴል የሚባለው የቦርዶ ኩባንያ ችግኙን ከአገሩ አምጥቶ ዝዋይ ተከለ፤ የመጀመሪያው ጠርሙስ እ.ኤ.አ. በ2014 ወጣ፤ ሪፍት ቫሊና አኬሺያ የሚሉትን ስሞች በየግሮሰሪው አይታችኋል። (የአዋሽ ወይን ጠጅ የወይን እርሻም መርቲ ነው፤ የእኛው አርሲ ቆላ። ይህን የምናገረው ዘመድ እንዳይቀየም ነው።) እኔን ያስደሰተኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የዝዋዩን የወይን እርሻ ዙሪያውን ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ከብቦታል! የተቆፈረው ጉማሬ፣ ዘንዶና ጅብ እንዳይገቡ ነው። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ እንዳለ ሰምተናል፤ ወይን ቅዱልኝ ማለቱን ግን ፈረንሳዮቹ ናቸው የደረሱበት።

«ቦዩ አለ፤ ወይኑ አለ፤ የጎደለው ጀልባው ነው» አልኩ።

«ጉማሬው የት ሄደ?» አሉ አጎቴ።

ሐይቁ ይሻላል ተባለና ሦስታችን የሐይቁ ዳር ከተማ ባቱ ወረድን። ወደቡ ላይ አባ ኮዳ የዓሣ አንጀት ይሻማል፤ ልጆች ቆሮሶ ይገፍፋሉ። ቱሉ ጉዶ ደሴትን ለማየት ጀልባ ተዋዋልን። በሐይቁ ላይ ካሉት አምስት ደሴቶች ትልቁ ነው፤ ደብረ ጽዮንም ይሉታል። በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ የተጠለለችው እዚያ ነው ይላል የአካባቢው ትውፊት። ያኔ በችኮላ የመጣው ሁሉ በጀልባ የተሻገረ መሆኑ ነው። የደሴቶቹ ባለቤቶች የዛይ ሰዎች ናቸው። ለእነሱ ጀልባ ሽርሽር አይደለም፤ ሚኒባስ ነው፤ ገበያ የሚወጡበት፣ ሙሽራ የሚያመጡበት።

ጀልባ ነጂያችን ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። ገና ከመነሳታችን ሞተሩን አስጓራው። ባለቤቴ ነጠላዋን በሁለት እጇ ይዛ «ቀስ በል እንጂ ልጄ!» ትላለች፤ እሱ ደስ ያላት መስሎት ይጨምራል። አጎቴ ብቻ ፊታቸው በራ። «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው፣ አትልቀቅ!» ሰዓቱን እያዩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ብዬ ሳልጨርስ ሞተሩ አንድ ሁለቴ አስነጠሰና ዝም አለ። እምቦጭ ነው፤ ያ ጣና ላይ የምናውቀው አረም እዚህም ገብቷል፤ ሥሩ መዘውሩ ላይ ተጠምጥሟል።

ልጁ ሸሚዙን አውልቆ ጎንበስ ብሎ በቢላዋ መቁረጥ ያዘ። «ይቅርታ ጋሼ፣ አሁን ነው፣ አሁን ነው» ይላል። አሁን ግን አልሆነም። ሐይቁ ጥልቀት የለውም፤ ውሃው ቡናማ ነው፤ ማዕበሉ ጀልባዋን እንደ ሕፃን አልጋ ያወዛውዛታል። ባለቤቴ የያዝነውን አኬሺያ ከፈተች፤ ብርጭቆ ስለረሳን በፍላስኩ ክዳን ተራ በተራ ጠጣን። ፈረንሳይ ቢያየን ያለቅሳል፤ ምክንያቱም ባለቤቴ ግማሹን በአምቦ ውሃ ነው የበረዘችው። ከሩቅ አንድ ሰው በመቅዘፊያ እየቀዘፈ መጣ፣ እጁን አነሳልን፣ አለፈ።

ለአጎቴ ላሳያቸው ዞር ስል ተኝተዋል። አፋቸውን ከፍተው፣ ባርኔጣቸው አፍንጫቸው ላይ ወርዶ። ሰዓቱ በእጃቸው ነው፤ ይቆጥራል። 31 ደቂቃ፤ 32። ጣቴን ሰድጄ ላቆመው አሰብኩና ተውኩት።

ልጁ ሞተሩን ሲያስነሳ ነቁ። ሰዓቱን አዩ፤ እኛን አዩ፤ ወደ ኪሳቸው ከተቱት። ስንት እንደገባን አልተናገሩም። ወደብ ስንደርስ ልጁ አንገቱን ደፍቶ ከዋጋው ላይ ሊቀንስልን ፈለገ። «አንዳንዱ ሞተር ከቆመ አልከፍልም ይላል» አለ። አጎቴ ሙሉውን ቆጥረው ሰጡት። ጉርሻም ጨመሩ፤ ይህን ባለቤቴ ናት ያየችው፤ ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው ተለወጡ አልልም። የእድሩን ንግግር አሁንም ይለካሉ። ግን ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ «እስቲ በጋሪ ዞር ዞር እንበል» አሉኝ። የጥንት የፈረንሳይ ቦይ ጀልባዎች ሞተር ሳይመጣ በፊት በፈረስ ይጎተቱ እንደነበር ወዳጄ ነግሯቸዋል፤ ፈረሱ ዳር ዳሩን ይሄዳል፤ ጀልባው በገመድ ይከተላል። «ታዲያ ጋሪ ማለት አይደለም?» ይሉኛል። «ውሃው ነው የቀረው።»

ባለጋሪውን ጠራነው። ቀይ ዘርፍ የተንጠለጠለባት ሸጋ ፈረስ ናት።

«የት ናችሁ?»

«የትም። ቀስ ብለህ ከተማውን አዙረን።»

ልጁ አየን። «ቀስ ከሆነ ኮንትራት ነው» አለ።

«እንዴት? መሄድህ ነው እንጂ አለመሄድህ ያስከፍላል?»

«ጋሼ፣ በፍጥነት ብሄድ አራት ዙር እሠራ ነበር። እናንተ ሦስቱን በላችሁ ማለት ነው።»

አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ። የቡርጎኙን ሒሳብ ያን ቀን የተረዱት ይመስለኛል። ከፈሉ።

ፈረሷ ግን ውሉን አልፈረመችም። ልጁ ልጓሙን እየሳበ «ሱታ! ሱታ!» ይላታል፤ እሷ የለመደችው ሶምሶማ ነው፤ የአሰላ ልጅ ናት። ቀስ ስትል ከኋላ ባጃጅ ያንባርቃል። አንዱን አሳለፍነው፤ ሁለተኛውን አሳለፍነው። ለሦስተኛው ልጁ ወደ ዳር ጠጋ ሲያደርጋት የግራው ጎማ ቦይ ውስጥ ገባ።

ጋሪው ዘመመ። እኔ አጎቴ ላይ ወደቅኩ፤ አጎቴ መቋሚያቸው ላይ። ፈረሷ ዞር ብላ አየችንና ሣር መጋጥ ጀመረች። ወዲያው ሰው ተሰበሰበ፤ ሊስትሮው ሣጥኑን ጥሎ፣ ሁለት ወጣቶች እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ «አንድ፣ ሁለት…» ብለው ጎማውን ሊያነሱ ጎንበስ አሉ።

አጎቴ ባርኔጣቸውን አቃንተው በዘመመው ወንበር ላይ ተደላደሉና መቋሚያቸውን ዘረጉ።

«ቆዩ፣ ቆዩ» አሉ። «ከፍለንበታል።»